ጓደኛቸው ሲሞት ስሙንም አብረው ቀበሩት፤ ስለ ኒው ኦርደር እናውራ

ማታ_ሙዚቃ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ከልቤ የሚያሳስበኝን ነገር ነው። አራት ሆነን የምንጫወትበት ትንሽ ባንድ አለን። ሠርግ ላይ፣ አልፎ አልፎም ሆቴል ውስጥ እንሠራለን። ባለፈው ወር ድምፃዊያችን አገር ለቆ ሄደ። ሦስት ቀረን። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ሙዚቃ ሳይሆን ስለ ስም ነው። አንዱ «ስሙን እንያዝ፣ ሰው የሚያውቀን በሱ ነው» ይላል። ሌላው «እሱ ከሌለ ያ ባንድ የለም» ይላል። እኔ መሀል ሰፋሪ ሆኛለሁ።

በዚህ መሀል የሁለቱን የእንግሊዝ ባንዶች፣ የጆይ ዲቪዥንንና የኒው ኦርደርን ታሪክ እንደገና ማገላበጥ ጀመርኩ። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ሳልፎርድ ውስጥ አብረው የተማሩ ልጆች ናቸው። በ1976 ጁን ላይ ማንችስተር ውስጥ ሴክስ ፒስቶልስ የሚባለው የፓንክ ባንድ ሲጫወት አዩ። ሁክ በማግስቱ ሄዶ ቤዝ ጊታር ገዛ። መጫወት አይችልም፤ ግን ገዛ። ቆየት ብለው ኢያን ከርቲስ በድምፅ፣ ስቲቨን ሞሪስ በድራም ተጨመሩ። ጆይ ዲቪዥን የሚባለው ባንድ ይህ ነው። ሁለት አልበም ሠሩ። ከርቲስ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ መድረክ ላይ እያለም ይነሳበት ነበር። ትዳሩም ተናግቶ ነበር። ሜይ 18 ቀን 1980 በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሊበሩ ነበር።

ልጆቹ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ተስማምተው ነበር። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ስሙ ይቀራል። ይህንን ሲሉ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ብዙ ነገር ይላል። እኔን የገረመኝ ቃሉን መጠበቃቸው ነው። ጊዜውን አስቡት። ሁለተኛው አልበም፣ «ክሎዘር»፣ ገና አልወጣም። ከርቲስ ከሞተ በኋላ የወጣው «ላቭ ዊል ቲር አስ አፓርት» እንግሊዝ ውስጥ 13ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ስሙ ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ ያወጣ የነበረው ልክ በዚያ ወቅት ነው። እነሱ ግን ተዉት፤ የቀሩት ሦስቱ በኋላ ኒው ኦርደር ተባሉ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ይህንን ባንድ የሚወድ ካለ ደግሞ የሚያውቀውን ያካፍለን።

የድሮ_ካሴት

ልጄ፣ ጥሩ ወሬ አነሳህ። እኔ ኒው ኦርደርን የሰማሁት በካሴት ነው፤ የተቀዳ፣ ከተቀዳ ላይ የተቀዳ። የቤዙ ድምፅ እንደ ጭስ ነበር የሚመጣው። እንዲያም ሆኖ ያዘኝ።

ሰው ሲያወራ «ከርቲስ ሞተ፣ ከዚያ ኒው ኦርደር ሆኑ፣ ከዚያ ዝነኛ ሆኑ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይዘልላታል። መሀል ላይ ያለችው ዓመት ግን ዋናዋ ናት። ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር አልፎ ጥቂት ቀን ሲጨምር፣ ጁላይ 29፣ ማንችስተር ውስጥ ቢች ክለብ የሚባል ቤት ወጥተው ተጫወቱ። ስም እንኳን የላቸውም። ሦስት ናቸው። ማን ይዝፈን? ማንም ዘፋኝ አይደለም። ስለዚህ ሦስቱም ተራ በተራ ይሞክራሉ። ድራም የሚመታው ሞሪስ ሳይቀር ዘፍኗል።

ሴፕቴምበር ላይ አሜሪካ ሄዱ። ከርቲስ ሊሄድበት ወደነበረው አገር። ኒው ዮርክ ውስጥ መሣሪያቸው የተጫነበት መኪና እንዳለ ተሰረቀ። ጊታሩ፣ ድራሙ፣ ሁሉም። ጓደኛ ቀብረህ፣ ስምህን ጥለህ፣ በአራተኛው ወር እጅህ ላይ የነበረውንም ትነጠቃለህ። እኔ ብሆን ወደ ቤቴ ነበር የምመለሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ያወጡት ዜማ «ሴረሞኒ» ነው፣ በ1981። ይህ ዘፈን የከርቲስ ነው። ከመሞቱ በፊት ከሠሯቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች አንዱ። መድረክ ላይ ከከርቲስ ጋር የተጫወቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሜይ 2 ቀን በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ በመጨረሻው ዝግጅታቸው። ግጥሙ በወረቀት የተጻፈ አልነበረም። የነበረው ድምፁ የማይለይ የልምምድ ቅጂ ነው። ሰምነር ያንን ቴፕ በኢኳላይዘር እያሳለፈ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ የሞተውን ጓደኛውን ቃል አንድ በአንድ ለቀመ። ያልሰማውን ገመተ። ከዚያ ራሱ ዘፈነው።

የተቀዳ ካሴት ላይ የዘፋኝ ቃል ለመልቀም ጆሮውን ስፒከር ላይ የለጠፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ያንን የምናደርገው የማናውቀውን ዘፋኝ ነው። እሱ ያደረገው ትናንት አብሮት የነበረውን ነው።

ቤዝ_ነኝ

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። የሰምነርን ቴፕ ነገር አላውቅም ነበር።

እኔ ቤዝ እጫወታለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሁክ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቤዝ ጊታር ባብዛኛው ታች ነው የሚሠራው። ወፍራም ድምፅ ይዞ ከድራሙ ጋር መሬቱን ያነጥፋል። ሁክ ግን ላይ ነው የሚጫወተው፤ ከአንገቱ ወደ ታች፣ ጣቱ ቀጭኑን ድምፅ የሚያገኝበት ቦታ። ዜማውን የሚይዘው ቤዙ ነው። ጊታሩ ያጅባል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ራሱ ነው የተናገረው። መጀመሪያ ሲጀምሩ የሁክ ስፒከር የማይረባ ነበር። የሰምነር አምፕ፣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ ደግሞ ይጮኻል። ታች ሲጫወት ራሱን አይሰማም። ላይ ሲወጣ ይሰማል። ከርቲስም ወደደለት፤ ላይ ተጫወት አለው። በቃ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ከመጥፎ ስፒከር ተወለደ።

መሣሪያው ያላችሁ ሞክሩት። ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ያዙ። ላይኛውን ክፍት ተዉት፣ እንዲያንጎራጉር። በሌላው ላይ ዜማ ሂዱበት። ክራር የለመደ ጆሮ ወዲያው ይቀበለዋል። እኔ «ኤጅ ኦፍ ሰንሴት»ን ሳይሆን የራሴን ትዝታ ነው መጀመሪያ እንዲህ የተጫወትኩት፤ ሰፈር ያሉ ልጆች ምን ዓይነት ጊታር ነው ብለው ጠየቁኝ። ቤዝ ነው ስላቸው አላመኑም።

እርማት፦ ከላይ የጻፍኩት የዘፈን ስም ተሳስቷል። በ1983 «ፓወር፣ ኮራፕሽን ኤንድ ላይስ» የሚባለው አልበም መክፈቻ ላይ ያለው «ኤጅ ኦፍ ኮንሰንት» ነው። ቤዙን ለመስማት ከሱ ጀምሩ።

ሰማያዊ_ሰኞ

እስካሁን ሦስት ሰው ጻፈ፤ የጊሊያን ጊልበርትን ስም ማንም አላነሳም። ተቆጥቼ ሳይሆን አዝኜ ነው። ኪቦርድ የምትጫወት ሴት እንደመሆኔ ይህ ነገር ያውቀኛል።

ጊልበርት የገባችው በ1980 መጨረሻ፣ በኦክቶበር ነው። ሰምነር ጊታር እየመታ መዝፈን አቃተው። ሲዘፍን ጊታሩ ይቆማል፣ ጊታሩን ሲይዝ ድምፁ ይጠፋል። ማኔጀራቸው ሮብ ግሬተን እሷን አመጣ። የሞሪስ የከንፈር ወዳጅ ነበረች፤ በኋላ ተጋብተዋል። ሰው ይህቺን ብቻ ያስታውሳል። ባንዱ ከሐዘን ሙዚቃ ወደ ጭፈራ ቤት ሲሻገር ድልድዩን ከዘረጉት እጆች አንዱ የእሷ መሆኑን አይናገርም።

«ብሉ መንዴይ»ን ውሰዱ። ማርች 1983። ሰባት ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይሄዳል። ሬዲዮ የሚወደው ርዝመት አይደለም። የዘፈኑ ስም ግጥሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አይጠራም። እንዲያም ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ በትልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ከወጡ ነጠላ ዜማዎች ሁሉ በሽያጭ የሚስተካከለው የለም።

አሁን ዜማውን እንዴት እንደሠሩት አስቡ። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ በመዳፊት የምንጎትተው ነገር ያኔ የለም። ሲንተሳይዘሩን የሚያዘው ማሽን ኖታዎቹን አንድ በአንድ፣ በቁጥር በቁጥር ነው የሚቀበለው። ጊልበርት ያንን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዛ፣ እየቆጠረች አስገባች። መሀል ላይ አንዷን ኖታ ዘለለቻት። በዚህ የተነሳ ዜማው ከድራሙ ትንሽ ዝንፍ ይላል። አላረሙትም። ዘፈኑን ስትሰሙ ዜማው ድራሙ ላይ ልክ የማይቀመጥ፣ ትንሽ የሚንሸራተት የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። እኔ ሳልቆጥር ዝም ብዬ ስሰማው ልቤን የሚይዘኝ ያ ዝንፈት ነው።

ሽፋኑም ይወራለት። ፒተር ሳቪል የኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ አስመስሎ ነው የሠራው፤ ወረቀቱ እንደ ዲስኩ ተቆርጦ ቀዳዳ አለው። የባንዱ ስም በፊደል አልተጻፈም። ዳር ላይ ባለቀለም ቁርጥራጮች አሉ። ቀለሞቹ ፊደል ናቸው፤ መፍቻው ያለው ቤዝ_ነኝ ከላይ በጠራው አልበም ጀርባ ላይ ነው።

ሣሪስ_ማዶ

ይቅርታ፣ እኔ አዲስ ነኝ። «ጆይ ዲቪዥን» ምን ማለት ነው? «ኒው ኦርደር»ስ? ሁለቱም ስም ከናዚ ጋር ይያያዛል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ደስ አላለኝም።

የድሮ_ካሴት

ልክ ነህ፣ ደስ አይልም። እኔም መሸፋፈን አልፈልግም። የመጀመሪያው ስም የመጣው ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፕ ከተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ሴቶች ለወታደሮች መጠቀሚያ የሚደረጉበትን ክፍል ነው የሚጠራው። ወጣቶች ነበሩ፣ ማስደንገጥ ፈለጉ። ሁለተኛውን ግሬተን ያመጣው ስለ ካምቦዲያ የሚያወራ የጋዜጣ ጽሑፍ ላይ አይቶት ነው። ግን ሂትለርም የተጠቀመበት ቃል ስለሆነ ጋዜጦቹ አልለቀቋቸውም። ባንዱ የፋሺስት አስተሳሰብ የለንም እያለ ለዓመታት አስተባብሏል። ዘፈኖቻቸው ውስጥም ያንን የሚያወድስ ነገር የለም። የመጀመሪያውን ስም ግን እኔ ብሆን አላወጣውም ነበር።

ሣሪስ_ማዶ

አመሰግናለሁ ጋሼ። እውነቱን ስለነገሩኝ።

ማንችስተር_ነዋሪ

እኔ የምኖረው እዚሁ ማንችስተር ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ። ሃሲየንዳ የነበረበትን ቦታ በሳምንት ሁለቴ አልፈዋለሁ። ዊትዎርዝ ስትሪት ዌስት ላይ ነው። አሁን አፓርታማ ነው፤ ስሙን ግን ሕንፃው ይዞታል። ከመኖሪያው ኋላ ቦዩ አለ።

ሃሲየንዳን ሳታውቁ የኒው ኦርደርን ገንዘብ ታሪክ አታውቁም። በሜይ 1982 የተከፈተ ጭፈራ ቤት ነው። ድሮ የጀልባ መሸጫ አዳራሽ ነበር። ባለቤቶቹ ሸክላቸውን የሚያወጣው ኩባንያ ፋክተሪ ሬከርድስ፣ ግሬተንና ባንዱ ራሱ ናቸው። ሸክላው የሚያመጣው ገንዘብ ቤቱ ውስጥ ይገባል፤ ቤቱ ይበላዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰፊው አዳራሽ ባዶውን የሚያድርበት ሌሊት ብዙ ነበር። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የሃውስ ሙዚቃ ሲመጣ ሞላ። ዓለም ሁሉ ስለ ማንችስተር ያወራ ነበር። ችግሩ መጪው ሰው መጠጥ አይገዛም፤ የአደንዛዥ ዕፅ ክኒን ነው የሚውጠው። ከዚያ ወንበዴ ገባ፣ የጦር መሣሪያ ገባ። በ1997 ተዘጋ።

ፋክተሪ ራሱ በኖቬምበር 1992 ከስሯል። ከዚህ ውስጥ እኔን የነካኝ አንድ ነገር ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ሊገዛው መጥቶ ነበር። ፋክተሪ ከሙዚቀኞቹ ጋር የነበረው ውል ግን ሥራው የሙዚቀኛው ነው፣ የኩባንያው አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ ፋክተሪ የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። ኩባንያውን የጣለው ይኸው ውል ለልጆቹ ዘፈናቸውን አተረፈላቸው። ከፋክተሪ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶኒ ዊልሰን ብዙ ስህተት የሠራ ሰው ነው። ለዚህች ግን አከብረዋለሁ።

ማክልስፊልድም ሄጃለሁ። ከዚህ በባቡር ቅርብ ነው። ከርቲስ መቃብር ላይ ረጅም ሐውልት የለም። መሬት ላይ የተነጠፈች ትንሽ ድንጋይ ናት። ስሙ፣ ቀኑ፣ ከስሩ «ላቭ ዊል ቲር አስ አፓርት» የሚለው የዘፈኑ ርዕስ። በ2008 ድንጋይዋን ሰው ሰርቋት ሌላ ተተክቶላታል። እኔ ስደርስ ሰዎች ሳንቲም፣ የጊታር መምቻ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አስቀምጠዋል። ዝናብ ነበር። አንዱ ደብዳቤ ላስቲኩ ተከፍቶ ቀለሙ ፈሷል። መልሼ ጠቀለልኩትና ሄድኩ።

ኳስ_እና_ዜማ

በኳስ በኩል ልግባ። የ1990 የጣልያን ዓለም ዋንጫን የሚያስታውስ አለ? የእንግሊዝ ቡድን መዝሙር «ወርልድ ኢን ሞሽን» የኒው ኦርደር ነው። መሀል ላይ ራፕ የሚያደርገው ጆን ባርንስ ነው፤ የሊቨርፑሉ። ባንዱ በነጠላ ዜማ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣው በዚህ ብቻ ነው። «ብሉ መንዴይ» እንኳን አንደኛ አልሆነም።

ከዚያ ሁሉ ሐዘን የተነሱ ሰዎች ከኳስ ተጫዋቾች ጋር ቆመው ሲዘፍኑ ሳይ ደስ ይለኛል። እንግሊዝ በምዕራብ ጀርመን በፔናሊቲ ተሸነፈች፤ ዘፈኑ ግን ዛሬም ይዘፈናል።

ማታ_ሙዚቃ

ይህን ሁሉ ስላመጣችሁ አመሰግናለሁ። አሁን ወደሚያምመው እንግባ። ስምን በፍቅር የተዉ ሰዎች በኋላ በስም ተካሰሱ። ይህ እንዴት ሆነ?

ቤዝ_ነኝ

እኔ ልንገርህ፣ ወገንተኛ መሆኔን አስቀድሜ እያመንኩ።

መጀመሪያ የተሰነጠቁት በ1993 ነው። «ሪፐብሊክ» የሚባለውን አልበም ፋክተሪ እየሞተ ነው የሠሩት። ሬዲንግ ፌስቲቫል ላይ ከተጫወቱ በኋላ ተለያዩ። በ1998 ተመለሱ። በ2001 «ጌት ሬዲ»ን አወጡ። በ2007 ሁክ ወጣ፤ ከሰምነር ጋር ከእንግዲህ አንሠራም አለ። እሱ ባንዱ አብቅቷል ብሎ ነው የወጣው። በ2011 ግን የቀሩት ያለሱ በኒው ኦርደር ስም መድረክ ወጡ። ቤዙን ሌላ ሰው ይዞታል።

የኔ ቅሬታ ይህ ነው። በ1980 አንዱ ከሌለ ስሙ የለም አሉ። በ2011 ያ ሕግ የት ሄደ? የዚህ ባንድ ድምፅ እኮ ያ ቤዝ ነው። በ2015 ሁክ በገቢ ድርሻ ከሰሳቸው። በ2017 በስምምነት ተዘጋ። በልጅነታቸው አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች በጠበቃ ሲነጋገሩ ማየት ያማል።

ሰማያዊ_ሰኞ

ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከርቲስ ሞተ። ሁክ ወጣ። የሞተ ሰው ወንበር ባዶ ይቀመጣል፤ ተነስቶ የሄደ ሰው ግን የቀሩትን ቤታችሁን ዝጉ ሊላቸው አይችልም።

ደግሞ በ2011 ለምን እንደተሰባሰቡ አንርሳ። የቪዲዮዎቻቸው ፕሮዲውሰር የነበረ ጓደኛቸው ታሞ ነበር። ለሕክምናው ገንዘብ ለማሰባሰብ ብራስልስና ፓሪስ ላይ ተጫወቱ። ጊልበርት ልጇን ለማስታመም አሥር ዓመት ርቃ ቆይታ የተመለሰችው ያኔ ነው። ስለ ሁክ መቅረት ስንት ተጻፈ፤ ስለ እሷ መመለስ ግን ማን ጻፈ? በ2015 ያወጡት «ሚውዚክ ኮምፕሊት» ላይ ኪቦርዱ እንደገና ሲተነፍስ ይሰማል። እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል።

ቤዝ_ነኝ

የጓደኛቸውን ሕክምና ነገር አላነሳሁም፤ ልክ ነሽ፣ ማንሳት ነበረብኝ። አልበሙም መጥፎ አይደለም። ግን ስሰማው የሆነ ቦታ ላይ ጆሮዬ ቤዙን ይጠብቃል፣ አይመጣም። ይህንን በክርክር ልታሸንፊኝ አትችይም እህቴ።

ሰማያዊ_ሰኞ

እሱንስ እኔም እሰማዋለሁ።

የድሮ_ካሴት

ሁለታችሁም አትጣሉ። አንድ ነገር ልብ አላችሁ? እነዚህ ሰዎች በተራራቁ ቁጥር ባንድ ነው የሚመሠርቱት። ሰምነር ስሚዝስ ከሚባለው ባንድ ጊታሪስት ከጆኒ ማር ጋር ኤሌክትሮኒክን መሠረተ። ሞሪስና ጊልበርት ሁለት ብቻቸውን ሆነው «ዚ አዘር ቱ» አሉ፤ «ሌሎቹ ሁለቱ» እንደማለት። ሁክ ሪቬንጅን፣ ቀጥሎ ሞናኮን። ከ2007 በኋላም ሰምነር ሌላ አንድ።

ሁክ ደግሞ ሜይ 18 ቀን 2010፣ ከርቲስ በሞተ ልክ በ30ኛው ዓመት፣ «ዘ ላይት» ከተባለ አዲስ ባንዱ ጋር የጆይ ዲቪዥንን የመጀመሪያ አልበም ከዳር እስከ ዳር ተጫወተ። የከርቲስን ቃል ራሱ ሁክ ይዘፍናል። እየዘፈነ ቤዙን ሁሉ መጫወት ስለማይችል አጠገቡ ልጁ ቆሞ ቤዝ ይመታል። ያንን ቪዲዮ ያየ ሰው ልጁን ያስተውል። አቋቋሙ የአባቱ ነው፤ ጊታሩ ጉልበቱ ድረስ ወርዶ ተንጠልጥሏል።

የኛዎቹም እኮ አሉ፤ ከአይቤክስ ባንድ ወጥተው ሮሃን ያቆሙት። እሱ ግን ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ አንድ ቀን እከፍተዋለሁ።

ማንችስተር_ነዋሪ

ጋሼ፣ ይክፈቱት፤ እንጠብቃለን።

ማታ_ሙዚቃ፣ አንተስ? ባንዳችሁ ምን ወሰነ? ጠፋህብን።

ማታ_ሙዚቃ

አልጠፋሁም፤ ልምምድ ላይ ነበርኩ። የጋሼን ጽሑፍ፣ ያቺን የሰምነርንና የቴፑን፣ ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ድራመራችን ስልኩን አወጣ። የሄደው ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ያንጎራጎረው፣ ያልጨረስነው አንድ ዜማ አለ። ስልክ ላይ ነው የተቀዳው፤ ጀነሬተር ከኋላ ይጮኻል። ሁለተኛው አንጓ ላይ ምን እንደሚል አይሰማም።

ደወልንለት። እዚያ ሌሊት ነበር፤ አነሳው። እሱ ራሱም ቃሉን አያስታውሰውም። «የመሰላችሁን ሙሉበት» አለን።

ስሙን ለእሱ ትተናል፤ እኛ ለጊዜው ስም የለንም። የፊታችን ቅዳሜ አንድ ትንሽ ሠርግ አለን። ሦስታችንም ተራ በተራ እንዘፍናለን። ቤዝ_ነኝ፣ ቤዙን ላይ ሞክሬዋለሁ። የኛም ስፒከር ታች አያሰማም።